ማሪዮ ካርት ዲኤስ ውስጥ ተቆርጠው የቀሩ ትራኮችን ፈልጎ ማውጣት፦ ከካሴቱ እስከ ሂሳብ ደብተሩ

ለኒንቴንዶ ዲኤስ የእጅ ማጫወቻ የተሠራውን የመኪና ውድድር ጌም፣ ማሪዮ ካርት ዲኤስን፣ ጠንቅቆ የጨረሰ ሰው 32 ትራኮችን (የውድድር መንገዶችን) ያውቃል። 16ቱ ለዚሁ ጌም የተሠሩ ናቸው። የቀሩት 16ቱ ከአራት የቀድሞ ማሪዮ ካርቶች፣ ከእያንዳንዱ አራት አራት ተመርጠው የመጡ ናቸው። ስድስት የፍልሚያ ሜዳዎችም አሉ። ሜኑው ላይ የሚታየው ይኸው ነው። ካሴቱ ውስጥ ያለው ግን ከዚህ ይበልጣል።

ኖኮኖኮ ኮርስ፣ ዶካን ኮርስ፣ ዋሪዮ ኮርስ፣ ቴስት ዋን ኮርስ፣ ቴስት ሰርክል። እነዚህ ጌሙ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2005 ኅዳር አካባቢ ለገበያ ሲወጣ አብረው የወጡ ፋይሎች ናቸው። አንድም ቁልፍ፣ አንድም ዋንጫ ወደ እነሱ አይወስድም። ሠሪዎቹ ጀምረዋቸው፣ ሞክረዋቸው፣ ከዚያ ትተዋቸዋል። ይህ መመሪያ እነዚህን ፋይሎች ከራሳችሁ ካሴት እንዴት እንደምታወጡ፣ እውነት የተቆረጡ መሆናቸውን እንዴት እንደምታረጋግጡ፣ ከዚያም ምን ዓይነት መንገድ እንደነበሩ እንዴት እንደምታነቡ ያሳያል።

ለምን አልተሰረዙም? ጌም ሊጠናቀቅ ሲል ጊዜ ያጥራል። አንድን ፋይል መሰረዝ ቀላል ይመስላል። ግን ሌላ ቦታ ላይ ያለ ኮድ ያንን ፋይል በተራ ቁጥሩ የሚጠራው ከሆነ፣ አንዱን ስትነቅሉ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይዛባል። ስለዚህ በሩን ይዘጉታል እንጂ ቤቱን አያፈርሱትም። በ1999 የወጣው ሌላ የመኪና ውድድር ጌም፣ ግራን ቱሪዝሞ 2፣ መቁረጥ ራሱ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ያሳያል። የድራግ ውድድሩ (ቀጥ ባለ አጭር መንገድ ላይ የሚደረገው) ሥራው ሊያልቅ ሲል ከጌሙ ተቆረጠ፤ ቆጠራው ግን አሁንም ይጠብቀው ነበር። የመጀመሪያውን የአሜሪካ እትም የገዛ ሰው ግን ሁሉንም ቢያሸንፍ እንኳ ከ98.2 በመቶ ማለፍ አልቻለም።

አንድ ነገር ላስቀድም። የፋይልና የፎልደር ስሞቹ ኮምፒውተራችሁ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚመጡት። እኔ እዚህ እንደሚነበቡ ጽፌያቸዋለሁ። በቃላቱ መካከል የታች ሰረዝ እንዳለ ቁጠሩት።

የሚያስፈልጋችሁ

የራሳችሁ የሆነ የማሪዮ ካርት ዲኤስ ካሴት። ይህ ለድርድር አይቀርብም። ከኢንተርኔት የወረደ ኮፒ ሕጋዊ ችግሩ እንዳለ ሆኖ፣ ለምርመራም አይሆንም። ሰው ነክቶት ይሁን አይሁን አታውቁም። የሆነ ልጅ ከዓመታት በፊት የራሱን ትራክ ጨምሮበት ከሆነ እናንተ «የተደበቀ ትራክ አገኘሁ» ብላችሁ ትደክማላችሁ። የእኔ ካሴት አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ካመጣችልኝ ያገለገለ ዲኤስ ጋር አብሮ የመጣ ነው። ተለጣፊው ተልጧል፤ ውስጡ ግን ፋብሪካ እንደለቀቀው ነው።

ካሴቱን ወደ ፋይል ለመገልበጥ ጎድሞድ 9 የሚባል ፋይል የሚገለብጥ ፕሮግራም የተጫነበት ኒንቴንዶ 3ዲኤስ በጣም ምቹ ነው። የዲኤስ ካሴት 3ዲኤስ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር። አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል፤ ጌሙ በሙሉ 32 ሜጋባይት ብቻ ነው።

ፕሮግራሞቹ አራት ናቸው። ቲንኬ የዲኤስ ጌምን ከፍቶ ፎልደሮቹን ያሳያል። ኤችኤክስዲ የፋይልን ባይቶች፣ ማለትም ፋይሉ የተሠራባቸውን ትንንሽ ቁጥሮች፣ አንድ በአንድ ያሳያል። ሜሎንዲኤስ ጌሙን ኮምፒውተር ላይ ያጫውታል። ኤምኬዲኤስ ኮርስ ሞዲፋየር ደግሞ የዚህን ጌም ትራኮች ለመክፈት ተብሎ የተሠራ ነው። አራቱም በነፃ ይገኛሉ። አምስተኛው መሣሪያ ባለ አራት ማዕዘን መስመር የሂሳብ ደብተር ነው። ለምን እንደሆነ በኋላ ታያላችሁ።

ካሴቱን መገልበጥ

ካሴቱን 3ዲኤሱ ውስጥ ክተቱ። ጎድሞድ 9ን አስነሱ። የካሴቱን ድራይቭ ክፈቱ። መጨረሻው ኤንዲኤስ የሆነውን ፋይል ምረጡና ወደ ሚሞሪ ካርዱ ኮፒ አድርጉ። ሚሞሪ ካርዱን ነቅላችሁ ፋይሉን ወደ ኮምፒውተር አዛውሩ።

አሁን ምንም ነገር ከመክፈታችሁ በፊት ሁለት ኮፒ አድርጉ። አንዱን «ንጹሕ» በሉት። በፋይሉ ፕሮፐርቲ ላይ ለንባብ ብቻ እንዲሆን አድርጉት፤ ፍላሽ ላይም አስቀምጡት። የምትነካኩት ሁለተኛውን ነው። እኔ መጀመሪያ ስሞክር አንድ ኮፒ ብቻ ነበረኝ። ሴቭ እያደረግኩ መብራት ጠፋ። ፋይሉ ግማሽ ላይ ቀረ፤ የሦስት ቀን ማስታወሻዬም የትኛውን ባይት እንደሚያመለክት ማወቅ አቃተኝ።

ንጹሑን ፋይል በኤችኤክስዲ ከፍታችሁ ቼክሰም ከሚለው ውስጥ ሻ-1 የሚባለውን አስሉ። የሚወጣውን ረጅም ቁጥር ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ካሴቱ ላይ ያለውን የአገር እትምም ጻፉ፤ የአሜሪካ፣ የአውሮፓ፣ የጃፓን እያለ ይለያያል። ነገ ሌላ ሰው «እኔ ጋ የለም» ቢላችሁ፣ ተመሳሳይ ፋይል እያያችሁ መሆን አለመሆናችሁን የሚለየው ይህ ቁጥር ነው።

ትራኮቹ ያሉበትን ቦታ መክፈት

የሥራ ኮፒውን በቲንኬ ክፈቱ። በግራ በኩል የፎልደር ዝርዝር ይመጣል። ዳታ የሚለውን ክፈቱ፤ በውስጡ ኮርስ የሚል ፎልደር አለ። እሱ ነው።

ለእያንዳንዱ ትራክ ብዙውን ጊዜ ሁለት ፋይል ታያላችሁ። አንዱ ለምሳሌ ክሮስ ኮርስ ይላል። ሌላው ያው ስም ሆኖ መጨረሻው ላይ ቴክስ ተጨምሮበታል። የመጀመሪያው መንገዱን፣ ሁለተኛው ቀለሙንና ሥዕሉን ይይዛል። ሁለቱም የታሸጉ ናቸው፤ የመጨረሻ መለያቸው ካርክ ይላል። ሙሉውን ፎልደር መርጣችሁ ኤክስትራክት በሉና ኮምፒውተራችሁ ላይ አስቀምጡ።

መቀነስ

የዚህ ሁሉ ሥራ ልብ መቀነስ ነው። ፎልደሩ ውስጥ ካለው ስም ሁሉ ላይ፣ ተጫውታችሁ የምታውቁትን ትቀንሳላችሁ። የቀረው ተጠርጣሪ ነው።

ችግሩ ፋይሎቹ ሜኑው ላይ ባለው ስም አለመጠራታቸው ነው። ሠሪዎቹ ሥራ ላይ ሳሉ በሚጠሩበት ስም ነው የተቀመጡት። ክሮስ ኮርስ ማለት ፊገር ኤይት ሰርኪት ነው፤ መንገዱ ራሱን ስለሚያቋርጥ። ታውን ኮርስ ዴልፊኖ ስኩዌር ነው። ስኖው ኮርስ ዲኬ ፓስ ነው። ክሎክ ኮርስ ቲክ ቶክ ክሎክ ነው። ኩፓ ኮርስ ደግሞ ባውዘር ካስል ነው፤ ባውዘር በጃፓን ስሙ ኩፓ ነውና። ከቀድሞ ጌሞች የመጡት የውድድር ትራኮች ሁሉ ኦልድ በሚል ቃል ይጀምራሉ። መጨረሻቸው የመጡበትን ማሽን ይናገራል። ኤስኤፍሲ ሱፐር ፋሚኮም ነው፣ እኛ ሱፐር ኒንቴንዶ የምንለው። ጂሲ ጌምኪዩብ ነው። 64 ካለ ኒንቴንዶ 64 ነው። ሚኒ ብለው የሚጀምሩት የፍልሚያ ሜዳዎች ናቸው።

ደብተራችሁን ሁለት ዓምድ አድርጉት። በግራ የፋይሉን ስም፣ በቀኝ የትራኩን ስም። ስሙን አይታችሁ ካልገባችሁ በቲንኬ ሞዴሉን፣ ማለትም የትራኩን ቅርጽ፣ ከፍታችሁ ተመልከቱት። አትቸኩሉ። አንድ ምሽት ይወስዳል፤ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በዚህ ዝርዝር ላይ ነው የሚቆመው።

ሲያልቅ በቀኝ በኩል ባዶ የቀረባቸው ስሞች ይቀራሉ። ኖኮኖኮ እዚህ ታገኙታላችሁ። ቃሉ በጃፓንኛ ኩፓ ትሩፓን፣ ያንን ኤሊ የሚመስለውን ገጸ ባሕርይ የሚጠሩበት ነው። ዶካን ማለት ቧንቧ ነው። ልብ በሉ፤ የጌምኪዩብ ፓይፕ ፕላዛም በፋይል ስሙ ዶካን ይባላል፤ እሱ ግን ሚኒ ብሎ ጀምሮ በጂሲ ይጨርሳል፤ ሜኑው ላይም አለ። ሁለቱን አታምታቱ። ሉዊጂ ኮርስና ዶንኪ ኮርስ የሚሉም አሉ። ማሪዮ ኮርስ ማሪዮ ሰርኪት ሆኖ ሜኑው ላይ ቀርቷል። ሉዊጂ፣ ዋሪዮና ዶንኪ ግን በስማቸው የተከፈተው ፋይል ቦታ አላገኘም። ይህን ዝርዝር ሳይ ሁልጊዜ የሚሰማኝ ነገር አለ። በሥራው መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው ትራኮቹን በገጸ ባሕርያቱ ስም ሲደረድር የነበረ ይመስላል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ስሞቹ ግን እዚያው አሉ።

ተጠርጣሪን ከጥፋተኛ መለየት

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል። ሜኑው ላይ ያላየውን ሁሉ «የተቆረጠ» ይለዋል። ሦስት ወጥመዶችን ላሳያችሁ።

አንደኛው ሻይ ጋይ ነው። ብቻችሁን ስትጫወቱ ሻይ ጋይን መምረጥ ፈጽሞ አትችሉም። ፋይሎቹን ስትከፍቱ ግን ሞዴሉ ቁጭ ብሏል። አልተቆረጠም። ካሴት የሌለው ጓደኛችሁ በዳውንሎድ ፕሌይ ከእናንተ ጋር ሲጫወት የሚሰጠው እሱ ነው። ሁለት ዲኤስ አጠገብ ለአጠገብ ካልተገኙ አይታይም።

ሁለተኛው የኢንተርኔቱ ክፍል ነው። የኒንቴንዶ ዋይፋይ አገልግሎት በሜይ 20 ቀን 2014 ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ጌሙን የጀመረ ሰው ሊደርስባቸው የማይችሉ ገጾችና ጽሑፎች አሉ። እነዚህም የተቆረጡ አይደሉም። ዘጠኝ ዓመት ገደማ አገልግለዋል።

ሦስተኛው የሚሽኖቹ ሜዳ ነው። ሚሽን ሞድ በሚባለው የተልእኮ ክፍል ውስጥ ከአለቃ (ከከባዱ ተፋላሚ) ጋር የምትገጥሙባቸው ሜዳዎች የራሳቸው ፋይል አላቸው፤ ስማቸው ኤምአር ብሎ ይጀምራል። ሚሽኖቹን ሳትጨርሱ ዝርዝራችሁን ከሠራችሁ እነሱንም ትጠረጥራላችሁ። የሽልማቱንና የመጨረሻውን የስም ዝርዝር ትዕይንትም እንዲሁ። ስለዚህ ከመጠርጠር በፊት ጌሙን እስከ መጨረሻው ተጫወቱት።

እነዚህን ካለፈ በኋላ የፋይሉን ስም የጌሙ ዋና ኮድ ውስጥ ፈልጉት። አርም9 የሚባለውን ፋይል ከቲንኬ አውጡና በኤችኤክስዲ ክፈቱ፤ ከዚያ ስሙን በጽሑፍ ፈልጉ። የምታውቁትን ትራክ ስም እንኳ ካላገኛችሁ ኮዱ ታሽጓል ማለት ነው፤ መጀመሪያ መፍታት አለባችሁ። የታወቁት ትራኮች ስም ተሰልፎ ካገኛችሁ ተጠርጣሪያችሁ ከመካከላቸው አለ ወይስ የለም? ካለ ኮዱ ያውቀዋል፤ ሜኑው ነው መንገዱን የዘጋው። ከሌለ ማንም የማይጠራው ፋይል ነው። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማስታወሻችሁ ላይ የትኛው እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ።

ሣጥኑን መክፈት

አንዱን ተጠርጣሪ ቲንኬ ላይ ምረጡና አንፓክ በሉት። ካልከፈተላችሁ በኤችኤክስዲ እዩት። የመጀመሪያው ባይት 10 ከሆነ ኤልዜድ77 በሚባለው የማሸጊያ ዘዴ ታሽጓል፤ ቀጥለው ያሉት ሦስት ባይቶች ሲፈታ ምን ያህል እንደሚሆን ይናገራሉ። ሲፈታ ናርክ በሚሉ አራት ፊደላት ይጀምራል።

በተሟላ ትራክ ውስጥ አራት ነገሮችን ትጠብቃላችሁ። ኮርስ ሞዴል የምታዩት መንገድና ሕንፃ ነው። ኮርስ ሞዴል ቪ በሩቅ ያለው ሰማይና ተራራ ነው። ኮርስ ኮሊዥን ጎማው የሚነካው ነው፤ የት አስፋልት፣ የት ሣር፣ የት ግድግዳ እንደሆነ። ኮርስ ማፕ፣ ካርታው፣ ደግሞ መለያው ኤንኬኤም የሆነ ትንሽ ፋይል ነው። ትራኩ የት እንደሚጀምር፣ ስትነኳቸው ዕቃ የሚሰጧችሁ ሣጥኖች የት እንዳሉ፣ በኮምፒውተር የሚነዱት መኪኖች በየት እንደሚሄዱ እሱ ያውቃል።

ከአራቱ የትኛው እንዳለና የትኛው እንደጎደለ ጻፉ። ጉድለቱ ራሱ ይናገራል። ሞዴልና ኮሊዥን ኖሮት ካርታ የሌለው ትራክ ቅርጹ ተሠርቶ ውድድሩ ያልተዘረጋበት ነው። ካርታ ብቻ ያለው ደግሞ ሥጋው ሄዶ አጽሙ የቀረ ነው። ቴክስ የሚለው ተጓዳኝ ፋይል ከሌለም ነጭ ወይም ጥቁር ሆኖ ነው የምታዩት።

ካርታውን በእጅ መሣል

ከሥራው ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው። ኮርስ ሞዲፋየር ነጥቦቹን በራሱ ያሳያችኋል፤ ግን አንድ ጊዜ በእጃችሁ ብትሠሩት ፋይሉ ምን እንደሚል ይገባችኋል። ፕሮግራሙ የማይከፍተው ፋይል ሲገጥማችሁም አትቸገሩም።

በማታውቁት አትጀምሩ። የክሮስ ኮርስን ካርታ ፋይል በኤችኤክስዲ ክፈቱ። ፋይሉ ኤንኬኤምዲ በሚሉ አራት ፊደላት ይጀምራል። ከነሱ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ባይቶች የዚህ ፋይል ዓይነት ስንተኛ እትም እንደሆነ ይናገራሉ። ቁጥሩን ጻፉት።

አሁን ሲፒኦአይ የሚሉትን አራት የላቲን ፊደላት ፈልጉ። እነዚህ የቼክ ፖይንቶቹ መጀመሪያ ናቸው። ቼክ ፖይንት ማለት መንገዱን ከግራ ወደ ቀኝ የሚያቋርጥ የማይታይ መስመር ነው። ጌሙ ዙሩን በትክክል መጨረሳችሁንና አቋራጭ አለመግባታችሁን የሚያውቀው በነዚህ ነው። እያንዳንዱ መስመር ሁለት ጫፍ ስላለው የመንገዱን አቅጣጫም፣ ስፋቱንም በአንድ ላይ ይሰጣችኋል።

ከአራቱ ፊደላት ቀጥሎ ያሉት ሁለት ባይቶች ስንት መስመር እንዳለ ይናገራሉ። ሁለት ባይት ዝለሉ። ከዚያ የመጀመሪያው መስመር ይጀምራል። እያንዳንዱ መስመር 36 ባይት ይይዛል። ለእኛ የሚጠቅሙት የመጀመሪያዎቹ 16ቱ ናቸው። አራት አራት ባይት ሆነው አራት ቁጥር ይሰጣሉ፦ የአንደኛው ጫፍ አግድምና ቁመት፣ ከዚያ የሁለተኛው ጫፍ አግድምና ቁመት።

ቁጥሩ ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚነበበው። 00 00 28 00 የሚል ብታዩ ሲገለበጥ 00 28 00 00 ይሆናል። ይህ በአሥራ ስድስት የሚቆጠር ቁጥር ነው፤ በተለመደው አቆጣጠር 2621440 ነው። ይህን ለ4096 አካፍሉት፤ 640 ይወጣል። ዲኤስ ነጥብ ያለውን ቁጥር በዚህ መንገድ ነው የሚያስቀምጠው፤ አንድ ማለት 4096 ነው። መገልበጡን ራሳችሁ መሥራት የለባችሁም። ኤችኤክስዲ ላይ በስተቀኝ ያለው ዳታ ኢንስፔክተር ኢንት32 በሚለው መስመር ላይ ይሰጣችኋል። የእናንተ ሥራ ለ4096 ማካፈል ብቻ ነው። ከዜሮ በታች የሆነውንም ምልክቱን አድርጎ ያሳያል።

ደብተሩ መሃል ላይ ዜሮን አድርጉ። አንድ ካሬን 100 በሉት። የመጀመሪያውን መስመር ሁለት ጫፎች አስቀምጡና አገናኟቸው። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ከአሥር መስመር በኋላ መሰላል የሚመስል ነገር ይወጣል። እየታጠፈ ሄዶ ራሱን ያቋርጣል። ስትጨርሱ ከፊታችሁ የ8 ቅርጽ አለ። ፊገር ኤይት ሰርኪት ነው። እጃችሁ ትክክል መሆኑን ያወቃችሁት በዚህ ነው።

አሁን ወደ ተጠርጣሪው ሂዱ። እዚህ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የጻፋችሁትን የእትም ቁጥር አወዳድሩ። የተጠርጣሪው ካነሰ ፋይሉ የተሠራው ቀደም ብሎ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሠሪዎቹ አጻጻፉን ቀይረው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ 36ን አትመኑት፤ ለኩት። ከሲፒኦአይ እስከ ቀጣዩ ክፍል፣ እስከ ሲፒኤቲ ድረስ ስንት ባይት አለ? ከዚያ ላይ 8 ቀንሱ፤ አራቱ ፊደላት፣ የቁጥሩ ሁለት ባይትና የዘለላችሁት ሁለት ባይት ናቸው። የቀረውን በመስመሮቹ ቁጥር አካፍሉ። 20 መስመር ኖሮ በመካከሉ 728 ባይት ካለ፣ 720 ለ20 ሲካፈል 36 ነው፤ ልክ እንደ አዲሱ ማለት ነው። ሌላ ቁጥር ከመጣ በዚያ ቁጥር እየዘለላችሁ አንብቡ። ቅርጹ መንገድ ካልመሰለ ዝላዩን ስታችኋል። መንገድ ከመሰለ፣ ሜኑ ላይ ወጥቶ የማያውቅ ትራክ ወረቀታችሁ ላይ ሣላችሁ።

የዕቃ ሣጥኖቹንም በዚሁ መንገድ መጨመር ይቻላል። ኦቢጄአይ የሚለው ክፍል የዕቃዎቹ ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ ዕቃ መጀመሪያ ቦታውን በሦስት ቁጥር ይሰጣል፤ ከዚያ አዟዟሩንና መጠኑን፤ ከ36 ባይት በኋላ የዕቃው ዓይነት ቁጥር ይመጣል። በምታውቁት ትራክ ላይ የሣጥኑን ቁጥር ለዩ፤ ከዚያ በተጠርጣሪው ውስጥ ፈልጉት። በምታውቋቸው ትራኮች ሁሉ የሌለ ቁጥር ከገጠማችሁ አስምሩበት። አብሮ የተቆረጠ ዕቃ ሊሆን ይችላል።

ትራኩ ላይ መንዳት

ሞዴል፣ ኮሊዥንና ካርታ ሦስቱም ካሉት ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ዘዴው የታወቀ ትራክን ቦታ መዋስ ነው። ቲንኬ ላይ ክሮስ ኮርስን ምረጡ። ቼንጅ ፋይል በሉና በተጠርጣሪው ተኩት። ተጓዳኙን የቴክስ ፋይልም እንዲሁ። ከዚያ በአዲስ ስም ሴቭ አድርጉ። በምንም ዓይነት በድሮው ስም ላይ አትጻፉበት።

አዲሱን ፋይል በሜሎንዲኤስ ክፈቱ። ግራንድ ፕሪ አትግቡ፤ ታይም ትራያል ግቡ። እዚያ በኮምፒውተር የሚነዱ መኪኖች የሉም። ስለዚህ የነሱ መንገድ ካርታው ውስጥ ቢጎድል እንኳ ችግሩ ያንሳል። ፊገር ኤይትን ምረጡ።

ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። የካርታው እትም የቆየ ከሆነ ጌሙ ማንበብ አቅቶት ነው። ያኔ የክሮስ ኮርስን ካርታ መልሱለት፤ ሞዴሉንና ኮሊዥኑን ብቻ የተጠርጣሪው አድርጉ። ካነሳ፣ መነሻ ቦታው ከመንገዱ ውጪ ስለሚሆን መኪናችሁ ይወድቃል። ኮርስ ሞዲፋየር ላይ ኬቲፒኤስ የሚለውን መነሻ ነጥብ ከአዲሱ መንገድ ላይ አስቀምጡትና እንደገና ሞክሩ። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ሞክሩ፣ ጻፉ። ሁለት ነገር በአንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

እየነዳችሁ ሳለ ስክሪን ሾት አንሡ። ግን ይህ የእናንተ ጥገና ያለበት መሆኑን ሥዕሉ ላይ ጻፉ። የተዋሳችሁት መነሻ ነጥብና የሰማዩ ቀለም የሠሪዎቹ አይደለም።

ድምፅና ሌላው

የጌሙ ድምፅ በአንድ ፋይል ውስጥ ነው፤ ኤስዳት ይባላል። ቲንኬ ይከፍተዋል። ሲምብ የሚል ክፍል ካለው የእያንዳንዱ ዜማ የሥራ ስም በውስጡ አለ፤ እንደ ትራኮቹ አንድ በአንድ እያዳመጣችሁ መቀነስ ነው። የሥዕል ፋይሎቹም በዚሁ መንገድ ይፈተሻሉ። ጊዜ ይፈጃል እንጂ አዲስ ዘዴ አይፈልግም።

ያገኛችሁትን ማካፈል

መጀመሪያ ሌላ ሰው ቀድሞ አግኝቶት እንደሆነ እዩ። ዘ ከቲንግ ሩም ፍሎር የሚባለው ዊኪ ሥራው ይህ ብቻ ነው፤ ማሪዮ ካርት ዲኤስም እዚያ የራሱ ገጽ አለው። ቀድሞ ተጽፎ ካገኛችሁ ድካማችሁ ከንቱ አይደለም፤ የእናንተ ሥዕል ከነሱ ጋር ከገጠመ ዘዴያችሁ ትክክል ነው ማለት ነው።

ስትጽፉ አራት ነገር አይቅርባችሁ፦ የካሴቱ የአገር እትም፣ የሻ-1 ቁጥሩ፣ የፋይሉ ሙሉ አድራሻ፣ ስሙ ኮዱ ውስጥ መገኘት አለመገኘቱ። ጌሙን ራሱን ለማንም አትላኩ። የቀየራችሁትን ማሳየት ከፈለጋችሁ በኤክስዴልታ ልዩነቱን ብቻ አውጡ፤ ተቀባዩ በራሱ ካሴት ላይ ይጨምረዋል።

በ2020 ከኒንቴንዶ ሾልከው የወጡ የውስጥ ፋይሎች እንዳሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ከዚህ ሥራ ጋር አትደባልቋቸው። ከካሴት የወጣ ነገር፣ ያ ካሴት ያለው ሰው ሁሉ ራሱ ከፍቶ ሊያረጋግጠው ይችላል። የተሰረቀ ፋይል ግን ከየት ጀምሮ በማን እጅ እንዳለፈ የሚያሳይ ነገር የለውም።

እኔ አሁን ያለሁት የጃፓኑን እትም ከአሜሪካው ጋር በማነጻጸር ላይ ነው። የኮርስ ፎልደሩን ሁለት ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጌ፣ በስም ብቻ ሳይሆን በባይት መጠንም እያወዳደርኩ ነው። ስሙ አንድ ሆኖ መጠኑ የሚለያይ ፋይል ካገኘሁ የሚቀጥለው የደብተሬ ገጽ የእሱ ነው።